ሀ ተገልብጦ በ የሚሆንበት ብይ

ልጅ ሆኜ አንድ ጥርት ያለ፣ ውስጡ ቀለም የሌለው ብይ ነበረኝ። እንዳይበላብኝ ፈርቼ ለጨዋታ አላወጣውም ነበር። ዓይኔ አጠገብ ይዤ ወደ መስኮቱ ስመለከትበት ሰፈሩ በሙሉ ተገልብጦ ይታየኛል። የቆርቆሮው ጣሪያ ከታች፣ ሰማዩ ከጣሪያው በታች፣ እናቴ ልብስ የምታሰጣበት ገመድ ደግሞ ልብሶቹ ወደ ላይ የተሰቀሉበት ይመስላል። ታላቅ ወንድሜን ጠይቄው "ብይ እንዲህ ነው" ብሎኝ አለፈ። በኋላ ትምህርት ቤት ስለ ሌንስ ስንማር ቀመር ተሰጠን፣ ቁጥር አስገባን፣ መልስ አገኘን። ብዩ ለምን ሰፈሩን እንደሚገለብጥ ግን ያነሳ ሰው አልነበረም።

ዛሬ እሱን ላስረዳ። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምስል ለመሥራት ሌንስ የግድ አይደለም። አንድ ጎበጥ ያለ ገጽ ብቻ ይበቃል፤ በአንድ በኩል አየር፣ በሌላ በኩል ውሃ ወይም ብርጭቆ ይኑር እንጂ። አሁን ይህን የምታነቡበት ዓይናችሁም አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው እንዲህ ባለ አንድ ገጽ ነው። ወደዚያ እንደርሳለን።

መጀመሪያ፣ ምስል ራሱ ምንድን ነው? ወረቀት ላይ ትልቅ ሀ ጻፉና ከነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት አቁሙት። ከሀ አንዷን ጫፍ ብቻ እናስብ። ከዚያች ነጥብ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ ይበተናል። ግድግዳው ላይ ሁሉም ቦታ ይደርሳል። ግን ከሌላኛው ጫፍም፣ ከታችኛው ጎባጣም፣ ከነጩ ወረቀትም የሚመጣው ብርሃን እንዲሁ ሁሉም ቦታ ይደርሳል። አሥር ሰው በአንዴ ሲያወራ ድምፁ እየተሰማ ቃሉ እንደማይለየው ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ብርሃኑ አለ፣ ሀ ግን የለም።

ሀ እንዲታይ ከፈለግን ከአንዲት ነጥብ ወጥተው የተበተኑትን ጨረሮች ሰብስበን እንደገና አንድ ቦታ ላይ ማገናኘት አለብን። ከሌላዋ ነጥብ የወጡትን ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ። ለእያንዳንዷ ነጥብ እንዲህ ካደረግን ግድግዳው ላይ ሀ ይሳላል። ምስል ማለት ይኸው ነው፦ የተበተነ ብርሃን፣ እያንዳንዱ ከራሱ ወገን ጋር፣ ተመልሶ የሚገናኝበት ቦታ።

የሚሰበስበው ምንድን ነው? መታጠፉ ነው። ብርሃን በአየር ውስጥ በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ወደ 225,000 ይወርዳል፣ ተራ ብርጭቆ ውስጥ ደግሞ ወደ 200,000። የአየሩን ፍጥነት ለውሃው ስናካፍለው 1.33 እናገኛለን፣ ለብርጭቆው ስናካፍለው 1.5። እነዚህ ቁጥሮች የስብረት ቁጥር ይባላሉ። ቁጥሩ በበለጠ መጠን ብርሃኑ በዚያ ነገር ውስጥ ይዘገያል።

መዘግየቱ ለምን እንደሚያጥፈው ጋሪ ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ጋሪ ከአስፋልት ወጥቶ ጭቃ ውስጥ ሲገባ አስቡት። ቀጥ ብሎ ከገባ ሁለቱም ጎማዎች እኩል ጭቃውን ይነካሉ፣ ይዘገያል እንጂ አይታጠፍም። በሰያፍ ከገባ ግን አንዱ ጎማ ቀድሞ ጭቃ ይነካል፣ እሱ ሲዘገይ ሌላው ገና አስፋልት ላይ በፍጥነት እየሮጠ ነው፣ ስለዚህ ጋሪው ወደ ዘገየው ጎማ በኩል ይዞራል። ብርሃንም ልክ እንደዚያ ነው። ገጹ ላይ ቀጥ ብሎ የተተከለ ምስማር አለ ብላችሁ አስቡ። ብርሃኑ በምስማሩ አቅጣጫ ከመጣ ሳይታጠፍ ያልፋል። ሰያፍ ከመጣ ደግሞ፣ ወደሚያዘገየው ነገር ሲገባ ወደ ምስማሩ ይጠጋል፣ ከሚያዘገየው ሲወጣ ከምስማሩ ይርቃል።

ሕጉ ይኼው ነው። የቀረው ምስማሮቹ ወዴት እንደሚያመለክቱ ማየት ነው።

ጠፍጣፋ ገጽ ላይ፣ ለምሳሌ የረጋ ውሃ ላይ፣ ምስማሮቹ ሁሉ ትይዩ ናቸው። ጨረሮቹ ይታጠፋሉ፣ ግን ወደ አንድ ቦታ አይሰበሰቡም። ውጤቱ ማታለል ብቻ ነው፦ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው የውሃው ወለል ከእውነተኛው ጥልቀት ሦስት አራተኛው ላይ ያለ ይመስለዋል። ይህን በቀላሉ አትለፉት። "አንድ ሜትር ተኩል ነው፣ ይቆመኛል" ያላችሁት ወንዝ ሁለት ሜትር ሊሆን ይችላል። ዋና የማይችል ልጅ ላላችሁ ሰዎች ይህ የፊዚክስ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አሁን ገጹን ጎበጥ እናድርገው። ምስማሮቹ እንደ ጃርት እሾህ ይሆናሉ፤ ወደ ውጭ በየአቅጣጫው ይበተናሉ፣ ሥሮቻቸው ግን ሁሉም ወደ ኳሱ መሃል ያመለክታሉ። ከሩቅ የመጡ ትይዩ ጨረሮች ይህን ገጽ ሲመቱ፣ መሃል ላይ ያረፈው በምስማሩ አቅጣጫ ስለመጣ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ትንሽ ከፍ ብሎ ያረፈው ያዘነበለ ምስማር ያገኛል፣ ስለዚህ ትንሽ ወደ ታች ይታጠፋል። በጣም ከፍ ብሎ ያረፈው በጣም ያዘነበለ ምስማር ያገኛል፣ ብዙ ይታጠፋል። ከመሃሉ በታች ያረፉት ደግሞ በተመሳሳይ ሁኔታ ወደ ላይ። የራቀ ብዙ መታጠፍ ያስፈልገዋል፣ ብዙም ይታጠፋል፤ የቀረበ ጥቂት ያስፈልገዋል፣ ጥቂት ይታጠፋል። ሁሉም አንድ ነጥብ ላይ ይደርሳሉ ማለት ይቻላል። "ማለት ይቻላል" ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ እመለስበታለሁ።

መገልበጡስ? እሱም ከጃርቱ ይወጣል። ከሀ ላይኛው ጫፍ ተነስቶ ወደ ኳሱ መሃል የሚሄደውን ጨረር ተከተሉ። ወደ መሃል የሚሄድ ሁሉ በምስማር አቅጣጫ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ አይታጠፍም። ከላይ ተነስቶ፣ በመሃሉ አልፎ፣ ወዲያ ማዶ ከታች ይወጣል። የላይኛው ጫፍ ምስል የሚያርፈው በዚህ መስመር ላይ ስለሆነ ታች ይሆናል። የታችኛው ደግሞ በተራው ላይ። ሰፈሬን የገለበጠው ይህ ነው። ወንድሜ ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ትንሽ ቁጥር እንይ፣ አይከብድም። ጫፉ እንደ ኳስ የተሞረደ ወፍራም የብርጭቆ ዘንግ አስቡ፤ የጉብጠቱ ሬዲየስ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ሦስት ቁጥሮች እናውጣ። አንደኛው፣ የአየሩ የስብረት ቁጥር፣ እሱም 1 ነው፣ ለዕቃው ርቀት ሲካፈል። ሁለተኛው፣ የብርጭቆው የስብረት ቁጥር ለምስሉ ርቀት ሲካፈል። ሦስተኛው፣ የሁለቱ የስብረት ቁጥሮች ልዩነት ለሬዲየሱ ሲካፈል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲደመሩ ሦስተኛውን ይሰጣሉ። ሕጉ በሙሉ ይህ ነው።

ሦስተኛው ቁጥር እዚህ 0.5 ÷ 2 = 0.25 ነው። ይህ የገጹ ጉልበት ነው፤ ዕቃው የትም ይሁን የት አይለወጥም። ዕቃውን 12 ሴንቲ ሜትር ላይ ብናቆመው የመጀመሪያው ቁጥር 1 ÷ 12 ነው። ከ0.25 ሲቀነስ አንድ ስድስተኛ ይቀራል። 1.5ን ለአንድ ስድስተኛ ስናካፍል 9። ምስሉ ብርጭቆው ውስጥ 9 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ ተገልብጦ፣ በግማሽ አንሶ ይቀመጣል። ዕቃው በጣም ሩቅ ከሆነ፣ እንደ ተራራ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ዜሮ ያህል ነው፤ ምስሉ 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል፣ ማለትም የሬዲየሱ ሦስት እጥፍ።

ዕቃውን ስናቀርበው ነገሩ ይለወጣል። 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ቁጥር ራሱ 0.25 ይሆናል፣ ለሁለተኛው ምንም አይቀርም። ጨረሮቹ ትይዩ ሆነው ይሄዳሉ፣ የትም አይገናኙም። 3 ሴንቲ ሜትር ላይ ስናመጣው ደግሞ ሂሳቡ ከዜሮ በታች 18 ይሰጠናል። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ "ተሳሳትኩ" ብሎ ይሰርዛል። አልተሳሳታችሁም። ገጹ የቻለውን ያህል አጥፏቸዋል፣ ግን ከቅርብ የመጡ ጨረሮች ከመጠን በላይ ስለተበተኑ ሊያገናኛቸው አልቻለም፤ መበተናቸውን ብቻ ቀነሰው። ብርጭቆው ውስጥ ሆኖ የሚያይ ዓይን ቢኖር፣ ከ18 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ከዕቃው በስተኋላ የመጡ ይመስሉታል። ዕቃውም ሳይገለበጥ፣ አራት እጥፍ ገዝፎ ይታየዋል። ይህን ምናባዊ ምስል ይሉታል፤ ግድግዳ ላይ አያርፍም፣ ለዓይን ግን ይታያል። ማጉያ መነጽር ፊደልን ሳይገለብጥ አጉልቶ ሲያሳየን የምናየው ምናባዊ ምስል ነው።

ሌንስ ማለት እንግዲህ ሁለት ገጽ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ገጽ የሠራውን ምስል ለሁለተኛው ገጽ እንደ ዕቃ ትሰጡታላችሁ፣ ያንኑ ሂሳብ ትደግማላችሁ። ብዩን እንይ። ትይዩ ጨረሮች የፊቱን ገጽ አልፈው በሬዲየሱ ሦስት እጥፍ ላይ ሊገናኙ እየሄዱ ነው። ብዩ ግን ውፍረቱ ሁለት ሬዲየስ ብቻ ስለሆነ ሳይደርሱ የኋላውን ገጽ ይመታሉ። እሱ እንደገና ያጥፋቸውና ከብዩ ጀርባ በግማሽ ሬዲየስ ላይ ይገናኛሉ። 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብይ ከሆነ 4 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ ማለት ነው። በጣም ቅርብ ነው። ጥርት ያለ ብይ ካላችሁ ከነጭ ወረቀት ፊት ያዙትና ወደ መስኮት አዙሩት፤ ያቺን 4 ሚሊ ሜትር ስታገኟት ወረቀቱ ላይ ቁንጥር የምታህል የተገለበጠች መስኮት ትመጣለች። ፀሐይ ላይ ግን አታድርጉት፣ ወረቀት ያቃጥላል።

አሁን ያን ሀ አምጡት። ብዩን ከፊደሉ ላይ ብታስቀምጡት ሀ ገዝፎ፣ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ትይዩ ጨረሮች ከሚገናኙበት ቦታ፣ ከትኩረት ነጥቡ፣ ወደ ውስጥ ስለገባ ነው። ብዩን ቀስ እያላችሁ አንሱት። ይደበዝዛል፣ ይጠፋል፣ ከዚያ ተገልብጦ ይመጣል፤ የተገለበጠ ሀ ደግሞ በ ይመስላል። ክብ የውሃ ብርጭቆ ውሃ ሞልታችሁ ከጀርባው ብታሳልፉት ግን ሀ ሀ እንደሆነ ይቀራል። ብርጭቆው ጎበጥ ያለው ወደ ጎን ብቻ ነው፣ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ቀኝና ግራን ብቻ ይገለብጣል፣ ሀ ደግሞ ቀኝና ግራው አንድ ነው። ረ ብትጽፉ ወዲያው ይታወቅባችኋል።

ሌላም ልጨምር፣ ይህ ስልካችሁ ላይ የሚሞከር ነው። ጣታችሁን ውሃ ነክታችሁ የስልካችሁ መስታወት ላይ በጣም ትንሽ ጠብታ ጣል አድርጉ፣ ነጭ ነገር ክፈቱና ጠብታዋን በቅርበት እዩ። ነጩ ነጭ አይደለም። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦች ናቸው። ጠብታዋ ስታንስ ነጥቦቹ ይበልጥ ይገዝፋሉ፣ ምክንያቱም ትንሽ ጠብታ ማለት ትንሽ ሬዲየስ ነው፣ ሬዲየስ ሲያንስ ሦስተኛው ቁጥር ያድጋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኔዘርላንዱ አንቶኒ ቫን ሊዌንሁክ ባክቴሪያን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሌንሳቸው ከጥራጥሬ ባነሰ፣ በእጁ በሠራቸው ባለ አንድ ሌንስ መሣሪያዎች ነው። የሌንሶቹ ትንሽነት ጉልበታቸው ነበር።

"ማለት ይቻላል" ወዳልኩት ልመለስ። ኳስ የሆነ ገጽ ጨረሮቹን ሁሉ በትክክል አንድ ነጥብ ላይ አያገናኝም። በጠርዙ በኩል ያለፉት ከሚገባው በላይ ታጥፈው ቀድመው ይገናኛሉ። ከላይ ያለው ሂሳብ የሚሠራው በመሃሉ አካባቢ ለሚያልፉ ጨረሮች ነው። ለዚህ ነው በብይ ያያችሁት ዓለም መሃሉ ጥርት ብሎ ዳሩ ብዥ የሚለው። አንዱ መፍትሔ ጠርዙን መከልከል ነው። መነጽር የረሳ ሰው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ የሚያየው ለዚህ ነው። በወረቀት ላይ በመርፌ ቀዳዳ አበጅታችሁ በእሷ ብታዩም ይጠራላችኋል፤ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ብዥታውም አብሮ ይቀንሳል።

እንግዲህ ዓይን። ብዙ ሰው "የዓይን ሌንስ" ሲባል ዋናውን ሥራ የምትሠራው ውስጥ ያለችው ሌንስ ትመስለዋለች። አይደለችም። የሌንስን ጉልበት የምንለካው በዳይኦፕተር ነው፤ አንድን ሜትር ለትኩረት ርቀቱ ማካፈል ማለት ነው። መነጽራችሁ +2 ከሆነ ከሩቅ የመጣን ብርሃን ግማሽ ሜትር ላይ ይሰበስባል። የሰው ዓይን በጠቅላላው ወደ 60 ዳይኦፕተር አለው። ከዚያ ውስጥ ወደ 43 የሚሆነው የኮርኒያ ነው፤ ከፊት ያለችው፣ በእንባ የረጠበችው፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያላት ጥርት ያለች ቆዳ። የፊቷ ጉብጠት ሬዲየስ 7.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ከብዩ ጋር ተቀራራቢ። ውስጠኛዋ ሌንስ የምትጨምረው ቀሪውን ነው። የእሷ ልዩ ችሎታ ቅርጿን መለወጧ ነው፤ ከመጽሐፍ ወደ ተራራ ስታዩ የምታስተካክለው እሷ ናት። በአርባዎቹ ዕድሜ ገደማ ይህ ችሎታዋ ይዳከማል፣ ጋዜጣውን ራቅ አድርገን መያዝ እንጀምራለን።

የኮርኒያ ሬዲየስ በ0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢለወጥ፣ የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል፣ ዓይን ከግማሽ ዳይኦፕተር በላይ ይለወጣል። በሌዘር የሚደረገው የዓይን ሕክምና የሚሠራው ይህችን ጉብጠት ነው። የዓይን ሞራ ያለበት ሰው ደግሞ የደፈረሰችው ሌንስ ወጥታ በምትኩ ሰው ሠራሽ ይገባለታል፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን ውስጥ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። የምትገባው ሌንስ ጉልበት ብዙውን ጊዜ 20 ዳይኦፕተር አካባቢ ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን "ሌንሱ ከወጣ በኋላ ምን ሊታየኝ" ብለው ሲፈሩ ይህን ንገሯቸው፤ ትልቁ ጉልበት ከፊት፣ ኮርኒያው ላይ፣ እንዳለ ነው።

ምስሉ ሬቲና ላይ፣ ከዓይን በስተኋላ ብርሃኑን በሚቀበለው ሽፋን ላይ፣ የሚያርፈው ተገልብጦ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር ይህን ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1604 ነው። "አንጎል መልሶ ይገለብጠዋል" ሲባል ትሰማላችሁ፣ እኔ አባባሉን አልወደውም። ውስጥ ተቀምጦ ሬቲናውን የሚያይ ሌላ ሰው የለም። አንጎል የሚያውቀው የሬቲናው የላይኛው ክፍል ሲነካ እጅ ወደ ታች መዘርጋት እንዳለበት ነው። ያ ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ እውነት ስለመሆኑ ማረጋገጫውን ውሃ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ዋና ገብታችሁ ዓይናችሁን ስትከፍቱ ሁሉም ነገር ብዥ ይላል። ብዙ ሰው ውሃው ዓይኑ ውስጥ ስለገባ ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን ሦስተኛው ቁጥር ነው። አየር ላይ የስብረት ቁጥሮቹ ልዩነት ትልቅ ነበር፦ አየር 1፣ ኮርኒያ 1.376። ውሃ ውስጥ ግን ከፊት 1.33፣ ከጀርባዋ ያለው ፈሳሽም 1.336። ልዩነቱ ጠፋ። ጉብጠቱ እንዳለ ነው፣ ግን ጭቃውና አስፋልቱ አንድ ሆነዋል፣ ጋሪው የሚታጠፍበት ምክንያት የለውም። ከ60ው 40 ያህሉ ሄደ። የዋና መነጽር ስታደርጉ የምታገኙት ጥቅም መስታወቱ አይደለም፣ ከኮርኒያ ፊት የምትታሰረው አየር ናት።

በታይላንድ ባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሞከን የሚባሉ ሕዝቦች ልጆች ያለ መነጽር ጠልቀው ከባሕሩ ወለል ምግብ ይለቅማሉ። ስዊድናዊቷ ተመራማሪ አና ዪስሌንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳተሙት፣ ውሃ ውስጥ የማየት ጥራታቸው ከአውሮፓውያን ልጆች ከእጥፍ በላይ ነበር። ኮርኒያቸው እንደኛው ነው። የዓይናቸውን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ያጠባሉ፣ ሌንሳቸውንም እስከ መጨረሻው ያጎብጣሉ። ጠርዙን መከልከል ያልኩት ነው።

ዓሣስ? ዕድሜ ልኩን ውሃ ውስጥ ነው፣ ኮርኒያው ምንም አይጠቅመውም። ሁሉንም ሥራ ለሌንሱ ሰጥቷል። ስለዚህ ሌንሱ የተቻለውን ያህል ጎብጧል፣ ፍጹም ኳስ ሆኗል። የተጠበሰ ቆሮሶ ስትበሉ ከዓይኑ የምትወጣዋ ነጭ፣ ደረቅ፣ እንደ ዶቃ የምትንከባለል ነገር እሷ ናት። ነጭ ያደረጋት እሳቱ ነው፣ እንደ እንቁላል። ኳስ ደግሞ፣ እንዳልነው፣ ዳሩን ብዥ ያደርጋል። የዓሣ ሌንስ ግን መሃሏ ድፍን፣ የስብረት ቁጥሯ ትልቅ፣ ወደ ጠርዟ እየሳሳች የምትሄድ ናት፤ ጠርዙ ላይ ያለው ጨረር ከልክ በላይ እንዳይታጠፍ። ብርሃንን የምትሰበስበውም ከመሃሏ በሬዲየሷ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ርቀት ላይ ነው፤ እንደ ብይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ብርጭቆ ብትሆን ኖሮ ውሃ ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጅባት ነበር። ጥሬ ዓሣ ስታጸዱ በጥንቃቄ አውጧትና በጋዜጣ ፊደል ላይ አስቀምጧት። እንደ ብዬ፣ ሀን አጉልታ ታሳያችኋለች።